ሁለት የጃፓን ፊደል ይዤ ወደ አጋሮ

ረቡዕ

ሰው ወደ ጅማ የሚሄደው ለቡና ንግድ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለለቅሶ ነው። እኔ የሄድኩት ለአንድ ሽማግሌ የጃፓን ፊደል ላስተምር ነው። ይህን አየር ጤና መናኸሪያ ለትኬት ቆራጩ ብነግረው ቀና ብሎ አየኝና፣ «እናቴ፣ ደህና ነሽ ግን?» አለኝ። ደህና አልነበርኩም። ሐምሌ ነው፣ ወገቤን ያመኛል፣ እናቴ መባልንም ገና አልለመድኩትም።

ጃፓንኛ የተማርኩት በወጣትነቴ እዚያው ሀገራቸው ሄጄ ነው። አሁን አዲስ አበባ ከሥራ በኋላ ለጥቂት ወጣቶች አስተምራለሁ። ሲጀምሩ እንደ እሳት ይነድዳሉ፣ ወር ሳይሞላቸው ይጠፋሉ። የማናግረው ሰው ስለሌለኝ ቋንቋው አፌ ውስጥ ዝጓል።

ሰዓዳ የምትባል የጅማ ነጋዴ በሰው በሰው ስልኬን አግኝታ ደወለችልኝ። አጋሮ የሚኖሩት አባቷ ሐጂ ከድር ጃፓን ሀገር የልጅ ልጅ አላቸው። ወንድሟ ሙስጠፋ ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ የሀገሩን ልጅ አግብቶ፣ ሂካሪ የምትባል ልጅ ወለደ። ከዚያ ታመመና ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። በሕይወት ሳለ ሽማግሌውና ልጅቷ በስልክ ሲተያዩ የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። ከሞተ ወዲህ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ያበቃል። አሁን ደግሞ የሐጂ አንድ ዓይን ጠፍቷል፤ ሐኪሙ የሁለተኛውም ነገር አያስተማምንም ብሏል። ሐጂ ታዲያ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ የልጅቷን ስም በገዛ እጄ ጽፌ ላሳያት፣ ብለው ተነሱ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ትደውላለች። እኔ ቀድሜ ደርሼ ፊደሉን ማስተካከል፣ ትርጉሙንና ንባቡን ማስረዳት፣ ከዚያ ማስተርጎም ነው ሥራዬ። እሺ አልኩ።

ረዳቱ ሻንጣዬን አውቶብሱ አናት ላይ ወረወረው። ሸራ አልብሰው ብዬ ብለምነው፣ አታስቢ አለኝ። በዚህ ሀገር ሰው ማሰብ ያለበት አታስቢ ሲባል ነው። ወልቂጤ ለምሳ ቆምን፤ ጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝኩ፤ ከመቅጠኑ የተነሳ እንጀራው ላይ ይሮጣል። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤ ሽቅብ ስንወጣ ዝናቡ ተቀበለንና እስከ ጅማ ድረስ አልተለየንም። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ ይታያል፤ ሮጦ ለመግባት ፋታ ይሰጣል። እዚህ ከዛፍ ዛፍ ተደብቆ ይመጣና ድንገት አናትህ ላይ ይወርዳል።

ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ፣ ፔንሲዮን ያዝኩ። ሻንጣዬን ስከፍት ውስጡ ውሃ ነው። ለሐጂ ብዬ የገዛሁት ወፍራም ወረቀት ቡኮ ሆኗል፤ የፊደል መዝገበ ቃላቴ አብጧል። ማልቀስ ቃጣኝ። ባለቤቷ እትዬ ዘሀራ መዝገበ ቃላቱን ከእጄ ወስደው ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፉና፣ በስስ ጨርቅ እየሸፈኑ ገጹን አንድ በአንድ በካውያ ይተኩሱልኝ ጀመር። «ይኼ ሁሉ ፊደል ነው? ያ አላህ፤ እኛን ሀሁም አስለቅሶናል» አሉ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። የቀረውን ገጽ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ዘርግተን ተኛን። አንሶላውም እርጥብ ነበር።

ሐሙስ

ሰዓዳ በማለዳ መጥታ ወሰደችኝ። ሄርማታ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ቀጠን ያለች፣ ፈጥና የምትናገር፣ አማርኛዋን ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ ሴት ናት። ሚኒባሱ የቡ የምትባለውን ከተማ አልፎ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ወርደን ገፋን። ሚኒባሱ ሲወጣ አንደኛው ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ አንድ መንገደኛ በዱላ ቆፍሮ አወጣልኝ። አጋሮ የገባሁት ጫማዬን በላስቲክ አንጠልጥዬ፣ በሰዓዳ ነጠላ ጫማ ነው።

የሐጂ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ቡናቸው ጫፍ ላይ ነው። ረጅም ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ በደህናው ዓይናቸው ለማየት አንገታቸውን ዘመም የሚያደርጉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ዝናብ በሰፊው ጠየቁኝ። ስለ ፊደሉ አንድም አላነሱም። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልበላ ማንሳት ነውር ነው።

ምሳውን ሳልጽፍ አላልፍም። እነሱ ያረዱትን እኔ እንደማልበላ ያውቃሉ፤ እኔም ሽሮ እበላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እነሱ ግን ጎረቤታቸውን አቶ ደምሴን ለምነው ዶሮውን አቶ ደምሴ ባርኮ አርዶታል፤ ሚስቱም በገዛ ድስቷ፣ በገዛ ቤቷ ሠርታ፣ በገዛ ሳህኗ ተሸክማ አመጣችው። ዶሮው ግን የሐጂ ነው። እኔ ከሷ ጋር፣ እነሱ ከራሳቸው ትሪ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን በላን። እኛ ሰፈርም ሙስሊም ጎረቤት ነበረን፤ ለበዓል ዳቦ እንልክላቸው ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ የገባልን ሰው አላስታውስም።

ከምሳ በኋላ ሐጂ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ወሰዱኝ። ጃፓን ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት በብሩሽና በጥቁር ቀለም ፊደል መጻፍ ይማራሉ። ሂካሪ ሙሉ ስሟን በትልቁ ጽፋ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ይሆናታል፤ ጠጉሯ የኛ፣ ዓይኗ የነሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ፊደላት አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ 森 እና 光።

ሐጂ ጣታቸውን የላይኛው ላይ አሳረፉ። «ይህች ሂካሪ ናት» አሉ። ጣታቸው ወደ ታች ወርዶ ቆመ። «ይኼ ደግሞ ሙስጠፋ ነው።»

ሐጂ የተሳሳቱት ማንኛችንም በምንሳሳተው መንገድ ነው። እኛ ስንጽፍ የራስን ስም እናስቀድማለን፤ የአባት ይከተላል። ጃፓኖች የሚያስቀድሙት የቤተሰቡን ስም ነው፤ ከዚያ የሰውየው ይመጣል። የላይኛው ፊደል ሞሪ ነው፤ የልጅቷ እናት ቤት ስም። የታችኛው ራሷ ሂካሪ ናት። አባቷ የውጭ ሰው ስለሆነ ልጅቷ በእናቷ ቤት ስም ተመዝግባለች፤ የሙስጠፋ ስም ወረቀቱ ላይ የለም።

ሐጂ ይህን አያውቁም። አናጢ ያስጠረቡትን ሰሌዳ አወጡ፤ በልጅነታቸው ቁርኣን የተማሩበት ዓይነት ነው። በሸምበቆ ብዕር የላይኛውን ፊደል ሞልተውበታል፤ ተጽፎ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ተጽፎ እንጨቱ ጠቁሯል። ለወራት ሲለማመዱ ከርመዋል። የኔ ወረቀት ስለበሰበሰ እኛም በዚያው ሰሌዳ ቀጠልን።

ትርጉሙንና ንባቡን ነገ እንማራለን፣ ዛሬ አጻጻፉን ብቻ ብዬ አመለጥኩ። ፊደሉ ሦስት ተመሳሳይ ቅርጽ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ጎን ለጎን። ጃፓኖች እያንዳንዷ መስመር ተራ አላት ይላሉ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ሐጂ የሚጀምሩት ከታች ከቀኝ ነው። ባርማቸው፣ «ልጄ፣ በቀኝ መጀመር ሱና ነው» አሉኝ። ከዚያ ግን ለልጅቷ ብለው በግራ ጀመሩ። ዓይናቸው ከሰሌዳው አንድ ስንዝር ርቆ ነው የሚሠራው። እኔ እያየሁ፣ ይህን ሁሉ የሚለፉት ለማያውቁት ቤት ስም ነው እያልኩ ውስጤ ይቃጠላል።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሐጂ ወደ መኝታቸው ሲሄዱ ለሰዓዳ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ማሎ፣ እባክሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «እሱ የሚኖረው በዚህች ነው። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ናቸው እያለ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ነው የከረመው። ዝም አይነቅዝም።»

እኔ፣ ቅዳሜ ልጅቷ ራሷ ብትነግራቸውስ አልኳት። ጫማዬን ይዛ ልታጥብ ወጣች።

ዓርብ

ጠዋት ጨጨብሳ በዘይት ቀረበልኝ፤ ጾሜን አስታውሰው ቅቤውን ትተውታል። ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር፣ ቡናዬን ላሳይሽ ብለው ይዘውኝ ወጡ። እንደኛ ሀገር ባሕር ዛፍ በመስመር የቆመ መስሎኝ ነበር። ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬውን ይዞ ከዋንዛና ከብርብራ ሥር ተሸሽጓል። ከአናት ያለው ዛፍ ከተቆረጠ ቡናው ፀሐይ ይመታዋል አሉኝ። አጠገባቸው ያለው ማሳ ዛፍ የለበትም፤ ባለቤቶቹ ዛፉን ሸጠው ጫት ተክለዋል። ቅጠሉ ያንጠባጥባል፤ ቅዝቃዜው ወገቤ ውስጥ ገባ።

እዚያው ግንድ ላይ ተቀመጡና፣ «በይ፣ ትርጉሙን ንገሪኝ» አሉኝ።

በእንጨት ጭቃው ላይ ጻፍኩላቸው። አንዱ ቅርጽ ዛፍ ነው፤ ግንዱ፣ ቅርንጫፉ፣ ሥሩ። ሁለት ሲሆን ትንሽ ደን። ሦስት ሲደራረብ ጫካ። ይህን የመሰለ፣ አልኳቸው፣ አሁን የተቀመጥንበትን የመሰለ። ፊደሉ ብቻውን ሲቆም ሞሪ ተብሎ ይነበባል፤ ይህ የራሳቸው የጃፓኖቹ ቃል ነው። ከሌላ ፊደል ጋር ሲጣመር ሺን ይባላል፤ ይህ ከቻይና ከፊደሉ ጋር አብሮ የመጣ ንባብ ነው። አንድ ፊደል ሁለት ድምፅ መያዙ ተማሪዎቼን ያሳብዳቸዋል። ሐጂ ግን አልገረማቸውም። እኔስ ቤት በኦሮምኛ፣ ገበያ በአማርኛ፣ መስጊድ በዐረብኛ አይደለም እንዴ የምጠራው አሉ።

ፊታቸው በርቶ ነበር። ዛፎቹን ቀና ብለው አዩና፣ «ሂካሪ ማለት ጫካ ነዋ» አሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለኔ ግን ማደሪያ ጊዜ አልነበረኝም። ቅዳሜ ነገ ነው። «አይደለም፣ ሐጂ» አልኩ። ከዚያ የቻልኩትን ያህል አለሳልሼ ነገርኳቸው። የላይኛው የእናቷ ቤት ስም እንደሆነ፣ እዚያ ሀገር በአንድ ጣራ ሥር ያለ ሁሉ በዚያ እንደሚጠራ፣ ይህ ማንንም ለማዋረድ እንዳልሆነ፣ የታችኛው ደግሞ ራሷ ልጅቷ እንደሆነች።

ሐጂ ጭቃው ላይ ያለውን ፊደል ሲያዩ ቆዩ። «የሙስጠፋስ?»

«የለም።»

«በየትኛው ፊደል ነው እነሱ የሱን የሚጽፉት?»

የውጭ ሰው ስም በሌላ ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ ነገርኳቸው። እንደ ሀሁ ድምፅ ብቻ ነው፤ ትርጉም የለውም። እኔም እዚያ በኖርኩበት ዘመን የተጻፍኩት በዚያው ነው፤ ከውጭ የመጣ ዕቃም በዚያው ይጻፋልና አንዳንዴ ስሜ ከሰው ስም መሀል እንደ ዕቃ ስም ተለይቶ ሲታየኝ ይከፋኝ ነበር። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ባልነግራቸው ይሻል ነበር።

«እንግዳ ሆኖ ቀረ በይኛ» አሉ። ቀጥለው ለኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ «ልጅቷ ታዲያ የማን ናት?» አሉ።

እኛ ሀገር ያባቱ ስም ያልተጠራለት ልጅ ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። ሙስጠፋ ሞቶ በሰው ሀገር ተቀብሯል፤ ስሙን ታስጠራለች ብለው የተጽናኑት በዚህች ልጅ ነበር። እኔ በአንድ ከሰዓት ይህን ወሰድኩባቸው። መምህርነቴን ያን ቀን ጠላሁት።

ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ቀጥይ፤ የታችኛውን አስተምሪኝ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ደርቆ። ትርጉሙ ብርሃን ነው አልኩ። ብቻውን ሂካሪ፣ ከሌላ ጋር ኮ ተብሎ ይነበባል። ከፀሐይ ፊደል ጋር ሲሆን የፀሐይ ብርሃን ይሆናል። ማየት ከሚለው ፊደል ጋር ሲሆን ደግሞ ሀገር ጎብኝነት፣ ዞሮ ሀገር ማየት ማለት ነው። እጃቸውን ወደ ደህናው ዓይናቸው ወሰዱና፣ ብርሃንስ አሁን ነው የሚያስፈልገኝ አሉ። ተነሥተን ተመለስን። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን፤ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ፤ እምቢ ብል አልሰሙኝም።

ሰዓዳ ገና ፊታቸውን ስታይ ገባት። እራት አቀረበችልኝ፤ አልተቀየመችኝም ለማለት ግን አልደፍርም።

ቅዳሜ

የእሑዱን መመለሻ አልጽፈውም፤ ያው መንገድ፣ ያው ዝናብ ነው፤ ሻንጣዬ ግን ሸራ ለብሷል። የቅዳሜን ልጨርስ።

እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይባላል። ብረትነቴ ተሰምቶኝ በጠዋት ዕቃዬን ሸከፍኩ። ሐጂ ከክፍላቸው አልወጡም። ሰዓዳ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩታ ተመለሰች። ስልኩን የሙዝ ቅርጫት ላይ አስደግፋ፣ ኔትወርኩ በሚይዝበት በረንዳ ላይ አስቀምጣዋለች። ለእናትየው ደውዬ አሟቸዋል ልበል እንዴ ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጡ። ነጭ ጀለቢያና ቆብ አድርገዋል። ሰሌዳውን በደረታቸው አቅፈውታል፤ ታጥቦ ጸድቷል፤ መሀሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ አለ፤ 光። ጠዋቱን ሙሉ ብቻቸውን ሲጽፉት ቆይተው ኖሯል። አንደኛው እግሩ ጠመም ብሏል፣ ግን ይነበባል።

ስልኩ ጠራ። መጀመሪያ እናትየው ታየች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። ቀጥላ ልጅቷ መጣች። «ጂጂ!» አለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ሐጂ ሰሌዳውን ከፍ አደረጉ። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችና ስሟን ራሷ አነበበችው፤ አጨበጨበች። ከዚያ እንደ መምህር ኮስተር ብላ፣ የመጨረሻው እግር ጫፉ ላይ ወደ ላይ ቀና ይላል አለች። ተረጎምኩ። ሐጂ ሳቁ። ከሐሙስ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ ነው፤ ሰዓዳም ትንፋሿን አወጣች።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «በያት፣ እኛ ጋ ሰው ስሙ ሦስት ነው። የራሱ፣ ያባቱ፣ ያያቱ። አንቺ በእናትሽ ቤት የእናትሽን ያዢ፣ እሱን አልነካም። እዚህ አጋሮ ግን ሂካሪ ሙስጠፋ ከድር ነሽ በያት።»

ዝገቱን እንደምንም ከአፌ እያራገፍኩ ተረጎምኩ። እናትየው ዓይኗን ሰበረች። ልጅቷ አፌን እያየች ደገመችው፣ እየተንገዳገደች፣ አንድ በአንድ። ሂካሪ። ሙስጠፋ ላይ ስትደርስ ፈገግ ብላ፣ ፓፓ አለች። ከድር ስትል ቆመች። ግንባሯን ቋጥራ ጠየቀችኝ።

መተርጎም አልፈለግሁም። ሐጂ አንገታቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ። «ምን አለች?»

«ከድር ማን ነው ትላለች» አልኩ።

ሰዓዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐጂ ግን፣ «እሷ ምን ታድርግ» አሉ። «እኔ ማለት በነሱ ቋንቋ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ሰሌዳውን መሬት አስቀመጡ፤ ደህናው ዓይናቸው ልጅቷን እንዲያገኛት ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉና፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ዋታሺ» አሏት።